ከሶዶ እስከ ሱስዋ ያለው መስመር ሲቋረጥ ምክንያቱ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኤሌክትሪክ ኤክስፖርት የምትጽፉትን እከታተላለሁ። ስንት ሜጋ ዋት ተሸጠ፣ ስንት ዶላር ገባ፣ ቀጣዩ ገዢ ማን ነው፤ ይህን ሁሉ ትነግሩናላችሁ። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይቀራል። ወደ ኬንያ የሚሸጠው ኃይል ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ በሚያልፍበት መስመር ላይ ፎልት፣ ማለትም ብልሽት፣ ሲፈጠር ምን ያቋርጠዋል? በምን ያህል ፍጥነት? ካቋረጠውስ በኋላ እንዴት ይመልሰዋል? የባለሙያ ወሬ ብቻ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ጎረቤት አገር መብራት በጠፋ ቁጥር የእኛ ስም የሚነሳው በዚሁ ጉዳይ ነው።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ሰብስቴሽን (የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ) ውስጥ፣ ከሪሌይና ከብሬከር ጋር ነው። ሪሌይ ማለት የመስመሩን ሁኔታ እየለካ አደጋ ሲያይ ብሬከሩን፣ ማለትም ትልቁን ማቋረጫ፣ ክፈት ብሎ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ሥራችን በደንብ ሲሠራ ማንም አያየውም። ስለዚህ ይሆናል ማንም የማይጽፍበት።

ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ልጥቀስ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላይ በሰሜን ኬንያ ካለችው ሎያንጋላኒ የሚመጣው የ220 ኪሎ ቮልት መስመር ሱስዋ ሰብስቴሽን ላይ ትሪፕ አደረገ፣ ማለትም ጥበቃው በራሱ አቋረጠው። በዚያ ሰዓት ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ተሸክሞ ነበር። እሱን ተከትሎ ከኢትዮጵያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት የዲሲ (ጅረቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስበት) መስመር ወጣ፣ ማለትም ከሥራ ተቋረጠ። እሱ ደግሞ 200 ሜጋ ዋት ይዞ ነበር። በድምሩ 488 ሜጋ ዋት ማለት ነው። ኬንያ በዚያ ሰዓት ከምትጠቀመው ኃይል ከሩብ በላይ የሚሆነው በቅጽበት ሲጠፋ ቀሪው ሲስተም መሸከም አልቻለም፣ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጨለማ ውስጥ ገባ። ይህን የተናገሩት የኬንያ የኢነርጂ ሚኒስትር ኦፒዮ ዋንዳዪ በመግለጫቸው ነው።

መግለጫውን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰዓት አለው። የመስመር ስም አለው። የተሸከመው ጭነት አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ የነፋሱ መስመር፣ ቀጥሎ የእኛው። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። ያንን ያላየ ሰው የኢትዮጵያ መብራት ኬንያን አጨለመ ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ደግሞ ተቆጥቶ የራሳቸው ችግር ነው፣ እኛን አያገባንም ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ስለ መስመሩ አንዳች ነገር አልተናገሩም። ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ የእኛ መስመር ለምን ተከትሎ ወጣ? መውጣት ነበረበት ወይስ መቆየት ይችል ነበር?

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ግን መስመሩ እንዴት እንደሚጠበቅ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። ረዘም ቢል ታገሱኝ።

መስመሩ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሱስዋ ከናይሮቢ ብዙም አትርቅም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ርዝመት ያለው ኬንያ ውስጥ ነው። ሁለት ፖል፣ ማለትም ሁለት የሽቦ መንገድ፣ አለው፤ አንዱ ፖዘቲቭ 500 ኪሎ ቮልት፣ ሌላው ኔጋቲቭ 500 ኪሎ ቮልት። ሙሉ አቅሙ 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ኬንያ በ2015 ዓ.ም. መግዛት ስትጀምር የተስማማችው ለ200 ሜጋ ዋት ነበር፣ ስለዚህ የመስመሩ አቅም ገና ብዙ ይቀረዋል። ጫፍና ጫፉ ላይ ኤሲን (አቅጣጫው የሚመላለሰውን ጅረት) ወደ ዲሲ፣ ዲሲን መልሶ ወደ ኤሲ የሚቀይሩ ኮንቨርተር ጣቢያዎች አሉ። ኮንቨርተሮቹ የሲመንስ ሥራ ናቸው፣ ታይሪስተር የሚባል ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ የሚጠቀሙ፣ በዘርፉ ብዙ ዘመን የተፈተኑ ዓይነት። ለምን ዲሲ ተመረጠ ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው። ለዚህን ያህል ርቀት ብክነቱ ያነሰ ነው፣ በዚያ ላይ የሁለቱን አገሮች ኔትወርክ እኩል አስማምቶ ማስኬድ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ፎልቱ እንምጣ።

ሽቦ በአየር ላይ ተዘርግቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሄድ የማይደርስበት ነገር የለም። መብረቅ አለ። የሰደድ እሳት ጭስ አለ። ያደገ ዛፍ አለ። የተበጠሰ ሽቦ አለ። አቧራ የያዘው ኢንሱሌተር፣ ሽቦውን ከታወሩ የሚለየው መሣሪያ፣ አለ፤ እዚህ ላይ የዲሲ መስመር ከኤሲ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም በኢንሱሌተሩ ዙሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት አቅጣጫው ስለማይቀያየር አቧራውን ሳያቋርጥ ወደ ራሱ ይስበዋል። ከቦረና እስከ ማርሳቢት ያለውን ደረቅ ምድር የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሌላም አለ። አብዛኛው መብረቅ ኔጋቲቭ ስለሆነ በዲሲ መስመር ላይ በብዛት የሚመታው ፖዘቲቩ ፖል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ፖሎች ጎን ለጎን ቢሄዱም ዕጣቸው እኩል አይደለም።

ደግነቱ አብዛኛው ፎልት አላፊ ነው። መብረቁ ይመታል፣ በኢንሱሌተሩ ላይ የእሳት ቅስት ይፈጠራል፣ ኃይሉ ለአፍታ ከተቋረጠ ቅስቱ ይጠፋል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መስመሩም ወደ ሥራው ይመለሳል። ጥያቄው እንዴት ይቋረጣል የሚለው ነው።

በኤሲ መስመር መልሱ ቀላል ነው፣ ብሬከር። በእኛ አገር የኤሲ ጅረት በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዙር ይመላለሳል፣ በዚህም በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይረግጣል። ዥዋዥዌ ጫፉ ላይ ሲደርስ ለአፍታ ቆም እንደሚለው ማለት ነው፤ መውረድ የሚፈልግ ልጅ ያቺን አፍታ ጠብቆ ይወርዳል። ብሬከርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አፉን ይከፍታል፣ ቅስት ይፈጠራል፣ ዜሮዋ ስትመጣ ቅስቱን ያጠፋል።

ዲሲ ዜሮ የለውም። አንድ አቅጣጫ ይዞ ይፈሳል። ብሬከሩን ብትከፍተው ቅስቱ ሳይጠፋ ይቀጥላል፣ መሣሪያውን ያቀልጠዋል። በሙሉ ጭነት በእያንዳንዱ ፖል 2,000 አምፒር ያህል ይፈሳል፣ ያውም በጤናው ጊዜ። የዲሲ ማስተላለፊያ ንግድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን ከዋናው ምድር ወደ ጎትላንድ ደሴት በተዘረጋ የባሕር ኬብል ነው። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ዲሲ በፍጥነት የሚቆርጥ ብሬከር ለገበያ አልበቃም።

ታዲያ የሶዶ መስመር ምን ይጠብቀዋል? ኮንቨርተሩ ራሱ ነው። ይህን ነገር ብዙ መሐንዲሶቻችን እንኳ በቅጡ አያስተውሉትም። ኤሲ ላይ ለዓመታት የሠራን ሰዎች ጥበቃ ስንል ዓይናችን ብሬከር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ግን የሚሆነው እንዲህ ነው። ፎልት ሲከሰት ሶዶ ያለው ኮንቨርተር ታይሪስተሮቹ የሚበሩበትን ቅጽበት በትዕዛዝ ያዘገያል። በዚህ ጊዜ ሥራው ይገለበጣል፣ ኃይል ወደ መስመሩ መስጠቱን ትቶ በመስመሩ ውስጥ የቀረውን ኃይል ወደ ኤሲው ጎን ይመልሰዋል። ጅረቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከዚያ ይጠብቃል። እንዲህ ባሉ መስመሮች ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ባለው ውስጥ ነው፣ የጋለው አየር እንዲቀዘቅዝ። ከዚያ ቮልቴጁን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ፎልቱ ከጠፋ በቃ፣ ሥራ ይቀጥላል። ካልጠፋ እንደገና ይሞክራል፣ በሌላ ሙከራ ደግሞ ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ሊያነሳው ይችላል፣ ምክንያቱም የቆሸሸ ኢንሱሌተር ሙሉውን 500 ኪሎ ቮልት ባይችል 400ውን ሊችል ይችላል። ይህም ካልሆነ ያንን ፖል ይዘጋዋል። ሁለተኛው ፖል ግን ጤነኛ ከሆነ ብቻውን ግማሹን ኃይል ይዞ መቀጠል አለበት። ባለ ሁለት ፖል መስመር የሚሠራው ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያምረው ግን ፎልቱ በጊዜ ከታወቀ ነው። ዋናው ፈተና ያለው እዚህ ላይ ነው።

መብረቅ ሽቦውን ሲመታ ወይም ሽቦው መሬት ሲነካ ከዚያ ቦታ በሁለቱም አቅጣጫ ሞገድ ይነሳል፣ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ይሮጣል። በአንድ ሚሊ ሰከንድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር። ከሱስዋ ደጃፍ የተነሳ ሞገድ ሶዶ የሚደርሰው ከ3 ሚሊ ሰከንድ ተኩል ገደማ በኋላ ነው። የሶዶው ሪሌይ ከዚያ በኋላ ባሉ ጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ መወሰን አለበት፤ ይህ እውነተኛ ፎልት ነው ወይስ አይደለም? የሚያየው ቮልቴጁ ምን ያህል ወረደ የሚለውን ብቻ ሳይሆን በምን ያህል ፍጥነት ወረደ የሚለውን ጭምር ነው። ስልክ ደውሎ ሱስዋን አንተስ ምን አየህ ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ የለም።

አሁን ምን ምን ሊያሳስተው እንደሚችል ተመልከቱ። መብረቅ መስመሩ ላይ አርፎ ምንም ፎልት ሳይፈጥር ሊያልፍ ይችላል፣ ሞገዱ ግን ይመጣል። የአንዱ ፖል ፎልት ጎኑ ባለው ጤነኛ ፖል ላይ የራሱን መናወጥ ያነሳል፣ የጤነኛው ፖል ሪሌይ ይህንን የራሱ ፎልት ነው ብሎ ከወሰደው ሁለቱም ፖሎች ባንድ ላይ ይወጣሉ። በሌላ በኩል ሽቦው ደረቅ ድንጋያማ መሬት ላይ ቢወድቅ ወይም ዛፍ ቢነካው የመሬቱ መከላከል ከፍተኛ ስለሆነ ሞገዱ ደካማ ይሆናል፣ ፈጣኑ ሪሌይ ላያየው ይችላል። እንዲህ ያለውን ለመያዝ የሁለቱን ጫፎች ጅረት የሚያነጻጽር ሌላ ጥበቃ አለ፣ እሱ ግን በኮሙኒኬሽን ላይ የተመሠረተና ሆን ተብሎ የዘገየ ነው፣ መቶዎች ሚሊ ሰከንዶችን ይወስዳል። ስለዚህ ሪሌዩ በምን ያህል መናወጥ እንዲያቋርጥ ልኩን የሚያስቀምጠው መሐንዲስ ሁሌም ሁለት ፍርሃት መካከል ነው። ልኩን ስስ ካደረገው መስመሩ ባልሆነ ነገር ይወጣል። ወፍራም ካደረገው እውነተኛውን ፎልት ያሳልፈዋል። ይህ ልክ ፋብሪካ ላይ አንዴ ተቀምጦ የሚረሳ ነገር አይደለም። ኔትወርኩ ሲቀየር፣ ጭነቱ ሲጨምር፣ አዲስ ማመንጫ ሲገባ እንደገና መታየት አለበት።

ሱስዋ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ታይሪስተር ሲያበሩት ይበራል፣ በትዕዛዝ ግን አይጠፋም። የሚጠፋው ጅረቱ በራሱ ሲያልቅ ነው፣ ይህንንም የሚያደርግለት በተቀባዩ አገር ያለው የኤሲ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ በኬንያ በኩል የኤሲው ቮልቴጅ በድንገት ሲወርድ ሱስዋ ያለው ኢንቨርተር፣ ማለትም ዲሲውን ወደ ኤሲ የሚመልሰው ኮንቨርተር፣ ጅረቱን ከአንዱ ታይሪስተር ወደ ተራኛው ማስተላለፍ ያቅተዋል። ባለሙያዎች ኮሙቴሽን ፌይለር ይሉታል። በዚያ ቅጽበት የዲሲው መስመር በኢንቨርተሩ በኩል ሾርት የሆነ ያህል ነው፤ ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ጅረቱ ይዘላል። ከሶዶ ሆኖ ለሚያየው የመስመር ፎልት ይመስላል። መስመሩ ግን ምንም አልሆነም። ጥሩ ጥበቃ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ አለበት። ለዚህ የሚረዳው አንዱ ነገር በመስመሩ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ሪአክተር የሚባል ትልቅ የሽቦ ጥቅል ነው፤ ከእሱ ወዲያ የመጣ መናወጥ ሲያልፍበት ሾል ያለ ጫፉ ይደነዝዛል፣ መስመሩ ላይ የተነሳው ግን እንደሾለ ይደርሳል።

እንግዲህ ወደ ጳጉሜን 1 ተመለሱ። ሱስዋ ላይ 288 ሜጋ ዋት የያዘ መስመር ሲወጣ የኤሲው ጎን ተናውጧል። ከዚያ የዲሲው መስመር ወጣ። የወጣው ኢንቨርተሩ በተደጋጋሚ ስለተደናቀፈና ራሱን ለማዳን ነው? የመስመር ጥበቃው መናወጡን ፎልት ብሎ ስለወሰደው ነው? ወይስ አስቀድሞ ታስቦበት፣ የኤሲው ሁኔታ ከዚህ ሲከፋ ውጣ ተብሎ በተቀመጠ ትዕዛዝ? ሦስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የኬንያን ኔትወርክ ማጠናከር ይጠይቃል። ሁለተኛው ልክ ማስተካከል ነው፣ እሱም ሪሌዩን በሚያውቅ ሰው እጅ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ አገሮች ቁጭ ብለው የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው። መልሱ ኮንቨርተር ጣቢያው ውስጥ አለ። ፎልት ሪኮርደር የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዷን ሚሊ ሰከንድ መዝግቧታል። እሱን ነው የምንጠይቀው።

እንዲህ ያለ ዘገባ ማውጣት የተለመደ ነገር ነው። በብራዚል እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 2018 ከቤሎ ሞንቴ ግድብ የሚነሳው 800 ኪሎ ቮልት የዲሲ መስመር ባንዴ ወጥቶ የአገሪቱ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ጨለመ። ወደ 18,000 ሜጋ ዋት የሚሆን ጭነት ነው የጠፋው። ሲመረመር የዲሲው መስመር ራሱ ምንም አልሆነም። ሺንጉ በሚባለው ሰብስቴሽን፣ በኤሲው በኩል፣ አንድ ብሬከር ላይ የጥበቃ ልክ በስህተት ተቀምጦ ነበር። ጭነቱ ሲጨምር ብሬከሩ ተከፈተ፣ ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ ወደቀ። አንድ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር የታወቀውና የታረመው ግን ምርመራው በይፋ ስለተነገረ ነው፣ የሌላ አገር መሐንዲሶችም ተምረውበታል። እኔም ጭምር።

በእኛ አገር የሚወጣው መግለጫ ግን ምን ይላል? በሲስተሙ ላይ ባጋጠመ ችግር ኃይል ተቋርጧል፣ ባለሙያዎች እየሠሩ ነው፣ ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ። ከዚያ መብራቱ ይመለሳል፣ ጉዳዩም እዚያው ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል። የሚያሳዝነኝ መብራት መጥፋቱ አይደለም፣ የትም አገር ይጠፋል። የሚያሳዝነኝ ከእያንዳንዱ መቋረጥ ልንማር የምንችለው ነገር በዝምታ መቅረቱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሪኮርዱን ሲያነቡ ያደሩ ወጣት መሐንዲሶች አሉ። ያገኙትን የሚያውቀው አለቃቸው ብቻ ነው። ሌላው ሰብስቴሽን ያለ ባልደረባቸው እንኳ አይሰማም።

ስለ ብረት ስርቆትም አንድ ነገር ልበል፣ እናንተም ደጋግማችሁ ስለጻፋችሁበት። ከታወር ላይ ብረት እየተፈታ ይሰረቃል፣ ታወሩ ይዳከማል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል። ይህንን የትኛውም ሪሌይ አያድነውም። ሪሌይ ጅረቱን ያቋርጣል እንጂ ታወር ደግፎ አያቆምም። የሞዛምቢክን የካሆራ ባሳ መስመር እዩ። ከግድቡ እስከ ደቡብ አፍሪካ 1,420 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የዲሲ መስመር ነው፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራ ጀመረ፣ ከዚያ በእርስ በርስ ጦርነቱ ታወሮቹ እየተመቱ ወድቀው ለብዙ ዓመታት ኃይል ሳያስተላልፍ ቀረ። ግድቡ ነበር፣ ኮንቨርተሩም ነበር። መስመሩ ግን አልነበረም። በእኛ በኩል ጦርነት እንኳ ሳይኖር ብሎን በመፍታት ወደዚያ መሄድ የለብንም።

የመስመሩ ዳር ሕዝብ እዚህ ላይ ትልቅ ጉልበት ነው። ፎልት የወጣበትን ቦታ የሚያገኝ መሣሪያ አለ፤ ሞገዱ ሶዶ የደረሰበትን ሰዓትና ሱስዋ የደረሰበትን ሰዓት በሳተላይት ሰዓት እያመሳከረ ቦታውን ያሰላል። የሰዓቱ ልዩነት በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ቢሳሳት የቦታው ስህተት 150 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጥሩ ሆኖ ሲሠራ ጥገና የሚወጣው ቡድን ወደ የትኛው ታወር እንደሚሄድ አውቆ ይነሳል። ሳይሠራ ሲቀር ግን በመኪና፣ ከዚያም በእግር፣ ታወር በታወር መሄድ ነው። የሚያውቁት ያውቁታል። ያቤሎ ወይም ሞያሌ አካባቢ ከብቱን የሚጠብቅ ሰው የወደቀ ሽቦ ወይም የጎደለ ብረት ካየ ለማን ይደውል? የታወሩ ቁጥር በሚነበብ ጽሑፍ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ፣ ከስልክ ቁጥር ጋር ይለጠፍ። ለሚያሳውቅ ሰው ወሮታ ይከፈለው። ከአንድ ቀን መቋረጥ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ምንም አይደለም።

ይህን ሁሉ ለምን አሁን አነሳሁት? ጭነቱ እየጨመረ ስለሆነ ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት። የኮይሻ ግድብም እየተገነባ ነው። ኬንያና ታንዛኒያ በ400 ኪሎ ቮልት መስመር ተገናኝተዋል፣ ስለዚህ ከሶዶ የሚወጣ ኃይል ከኬንያም አልፎ ሊሄድ የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል። በመስመሩ 200 ሜጋ ዋት ሲያልፍ የነበረ መቋረጥና 1,000 ወይም 2,000 ሜጋ ዋት ሲያልፍ የሚፈጠር መቋረጥ አንድ አይደሉም። በ200 ያልታየ ድክመት በ1,000 ይታያል። በሁለቱም በኩል ነው ጉዳቱ፤ እዚያ ኃይል ጎድሎ ሲጨልም እዚህ ደግሞ መሄጃ ያጣ ኃይል ጀነሬተሮቻችንን ያፈጥናቸዋል፣ የእኛም ሲስተም ይናወጣል።

አንዳንድ ሰው ዘመናዊ የዲሲ ብሬከር ገዝተን አንገላገልም ወይ ይላል። መሣሪያው አሁን አለ። ኤቢቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 በጥቂት ሚሊ ሰከንድ የሚቆርጥ ብሬከር ሠርቶ አሳይቷል። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ በጀመረው የዣንግቤይ አራት ጣቢያዎች ያሉት የዲሲ ኔትወርክ ላይ በ500 ኪሎ ቮልት ተጠቅማበታለች። ነገር ግን እሱ የሚያስፈልገው ብዙ የዲሲ መስመሮች እርስ በርስ ሲጠላለፉ፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ሲያስፈልግ ነው። ለእኛ፣ ሁለት ጫፍ ብቻ ላለው መስመር፣ በኮንቨርተሩ የሚደረገው ጥበቃ ይበቃል። የጎደለን ብሬከር ሳይሆን ያለንን መሣሪያ ልኩን የሚያሰላ፣ ሪኮርዱን የሚያነብ፣ ከኬንያ አቻው ጋር እኩል ቁጭ ብሎ የሚከራከር ሰው በቂ ቁጥር አለመኖሩ ነው። ኮንቨርተር በተነካ ቁጥር የአምራቹን ባለሙያ ከአውሮፓ መጠበቅ የለብንም። ሠልጥነው የመጡ ልጆች አሉን፣ ደመወዝ ሲያንሳቸው ግን ወደ ሌላ ሥራና ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም። ግን በአንድ መሐንዲስ መሄድ የሚጠፋው የዓመታት ዕውቀት በዶላር ቢሰላ ማንም ደመወዙን ለመጨመር አያመነታም ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ቀጣዩ መቋረጥ ሲያጋጥም፣ መቼም ማጋጠሙ አይቀርም፣ ጋዜጠኞቻችሁ ኃላፊዎቹን መብራቱ መቼ ይመለሳል ብለው ብቻ አይተዉአቸው። መጀመሪያ የወጣው የትኛው ነው ብለው ይጠይቁ፣ መስመሩ ነው፣ ኮንቨርተሩ ነው ወይስ የኤሲው ጎን? አንድ ፖል ነው የወጣው ወይስ ሁለቱም? ሁለቱም ከሆኑ ጤነኛው ለምን አልቀጠለም? መልሶ ለመነሳት ስንት ጊዜ ሞከረ? ምን ጭነት ይዞ ነበር? የጥበቃ ልኩ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው መቼ ነው? እነዚህ የአገር ምስጢር አይደሉም። የኬንያው ሚኒስትር ከእነዚህ አንዳንዶቹን ለሕዝባቸው ተናግረዋል፣ አገራቸውም ምንም አልሆነችም። የኃይል ተቋሙም ከእያንዳንዱ ትልቅ መቋረጥ በኋላ፣ በአንድ ወር ውስጥ ቢሆን፣ ሁለት ገጽ እንኳ የሆነ ዘገባ ያውጣ። ሰዓቱ ይኑረው፣ ቅደም ተከተሉ ይኑረው፣ ምን እንደተስተካከለም ይጻፍበት። እናንተ አትሙት። ለማንበብ የሚቸገር ክፍል ካለው እኔና መሰሎቼ በነጻ እንፈታላችኋለን፣ በዚሁ አድራሻ ጻፉልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ